ድንጋዩ የማያውቀው

ሲወስዱኝ ነጠላ እየቋጨሁ ነበር። ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው ከመግባቱ በፊት የጫማውን ጭቃ ደፉ ላይ ጠረገ። ይህን ሳይ ለክፉ አልመጡም ብዬ አሰብኩ።

«ልጅሽ የት ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነትም አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው እሱ እስኪመጣ አንቺ እኛ ጋ ትቆያለሽ።»

በሩን ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤት እንድሰጥ ፈቀዱልኝ። ነጠላውን የማስቀምጥበት ፋታ ስላላገኘሁ፣ በአንድ በኩል ብቻ እንደተቋጨ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ወጣሁ።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሳና ዓይን ያቃጥላል። ግድግዳው የአገራችን ቀይ ድንጋይ ነው። መስኮቱ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ከሰማይ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። በሩ ግን ከመቃኑ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ስንጥቁ ላይ ዓይን ቢያስጠጉ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ጉም ለብሶ ይታያል። እዚያ ስንጥቅ ላይ ተራ በተራ እንቆም ነበር።

ከእኔ በፊት የገቡ ሦስት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ መነኩሲት ናቸው፤ ከአሸተን ማርያም ወረድ ብሎ ካለች ጎጆ ነው ያመጧቸው። ማንነታቸውን ሳይጠይቁ ለመንገደኞች ውሃ ሰጥተዋል ተብለው ነው። እማሆይ እንላቸው ነበር፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ሁለተኛዋ የኩልመስክ ገበሬ ናት። ባሏ ጠፍቶ እሷን ያዟት። «ባሌ የት እንደገባ ባውቅማ ቀድሜ የማስረው እኔ ነበርኩ» ትላለች፤ ይህን የምትለው ጠባቂው እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው። ሦስተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከአውቶቡስ አውርደው ስልኳን ሲፈትሹ ባገኙት ፎቶ ምክንያት የተያዘች ልጅ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ጥፍሯን እስኪደማ በልታዋለች። ከቤታችን የሚመጣልንን ምግብ ስናካፍላት አንድ ጉርሻ ወስዳ «ጠገብኩ» ትል ነበር።

እኔ ሕግ የምፈራ ሰው ነኝ። መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት አያውቅም። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ቀድሜ እደርሳለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት «አትሩጡ፣ አትውጡ፣ አትናገሩ» እያልኩ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ነገር ሁሉ የሚያውቅ ሰው ይወስንልኛል ብዬ ኖሬያለሁ። ልጄ አስጎብኚ ነበር። ጎብኚ ሲጠፋ ሥራ ፈታ፤ ቀጥሎ እሱም ጠፋ። ስልክ አልፎ አልፎ ይደውልልኝ ነበር። «ደህና ነኝ፣ የት እንደሆንኩ አትጠይቂኝ» ይለኛል። እኔም አልጠይቀውም።

አንድ ቀን ጧት እማሆይ ተማሪዋን ጠሯት።

«ልጀ፣ እስቲ ተነሽና አጫውችኝ። ከትምህርት ስትወጡ ምን ታደርጉ ነበር?»

ልጅቷ ሳትነሳ ዞር አለች። «አንድ ጨዋታ ነበረን፣ እማሆይ።»

«ምን ዓይነት?»

«አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ ታሪኩ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ይሆናሉ። ተራኪው ‹ወንዝ ደረሳችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ?› ይላል። እነሱ ‹እንሻገራለን› ይላሉ። ተሻገሩ ወይስ አልተሻገሩም የሚለውን ግን ዳይስ ይወስነዋል።»

«ተረት ነዋ» አለች የኩልመስኳ።

«ተረት አይደለም። ተረት መጨረሻው የታወቀ ነው። የዚህን ግን ተራኪውም አያውቀው።»

«መጨረሻውን ሳታውቂ የምታወሪ ከሆነማ ውሸት ነው በይው።»

ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ተነስታ ተቀመጠች፤ ዳይስ ምን እንደሆነ በእጇ እያሳየች ነገረችን። ስድስት ገጽ ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ በየገጹ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ ትናንሽ ቤተ ክርስቲያን ከድንጋይ እየፈለፈለ ለጎብኚ ይሸጥ ነበር። ሸካራውን የማለሰልስለት፣ ትንሽ ትንሹን ጌጥ የምጨርስለት እኔ ነበርኩ። ከግድግዳው ሥር የተፈረከሰ ቀይ ድንጋይ አነሳሁ። የኩልመስኳ ከበሩ መቃን ላላ ያለ ምስማር ነቅላ ሰጠችኝ። ድንጋያችን ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ እንደ ቅቤ ይታዘዛል። በውሃ እያራስኩ ስድስት ገጽ አወጣሁለት። እስከ አምስት ነጥብ ድረስ ደህና ሠራሁ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ግን አእምሮዬ ልጄ ጋ ሄዶ ኖሮ፣ እጄ የለመደውን ሠራ። ባለቤቴ የጨረሰውን ሁሉ መጨረሻ ላይ መስቀል ይቀርጽበት ነበር። እኔም መስቀል ቀረጽሁበት።

«ግድ የለም፤ መስቀሉ ስድስት ይሁን» አለች ተማሪዋ፤ ድንጋዩን ተቀብላ ልትወረውር እጇን አነሳች።

«ቆይ!» አሉ እማሆይ። «መስቀል መሬት ላይ ትጥያለሽ?»

«ልፋቀው?» አልኩ እኔ ደንግጬ።

«መስቀል ይፋቃል እንዴ?»

መጣል አይቻል፣ መፋቅ አይቻል። እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ፤ በስቅለት ዕለት በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ መጣላቸው ሲነበብ የሰማሁት ትዝ አለኝና «እማሆይ፣ ለመሆኑ ዕጣ መጣል ራሱ ኃጢአት አይሆንም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዕቁብስ በዕጣ አይደል የሚወጣ?» አለች የኩልመስኳ። «ያን ጊዜማ ዕጣው ሲደርስሽ ዕልል ነው የምትይ።»

እማሆይ ፈገግ አሉ። ነጠላዬን ጠየቁኝና መሬት ላይ አነጠፉት። አራታችን አራቱን ጫፍ ያዝን። ድንጋዩን መሐል አኖርነውና አንድ ላይ ብድግ አደረግነው፤ ወደ ላይ ዘለለና ተመልሶ ነጠላው ላይ አረፈ። መስቀል ወጣ። እማሆይ ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ከዚያ በኋላ መስቀል በወጣ ቁጥር ተሳልመው እስኪጨርሱ መጠበቅ የጨዋታው አንድ ሕግ ሆነ።

ሌሎቹን ሕጎች ተማሪዋ ነገረችን። ሦስትና ከዚያ በላይ ከወጣ ያሰብነው ይሳካል፤ ከዚያ ካነሰ አይሳካም። አንድ ከወጣ ደግሞ ክፉ ነገር ይደርሳል። መጀመሪያ ዘንዶ ያለበት አገር ልትወስደን ፈልጋ ነበር። «ዘንዶ ከየት በኩል ነው የሚመጣ?» እያለች የኩልመስኳ አላስወራ ስትላት ተወችው። ከላሊበላ ተነስተን በአሸተን ሥር አድርገን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ እንድንጓዝ ተስማማን።

«ማን መሆን ትፈልጋላችሁ?» አለች።

«እኔ ሀብታም ነጋዴ» አለች የኩልመስኳ። «ስልቻ ሙሉ ዕቃ ያላት፣ በእግሯ የማትሄድ፣ በበቅሎ የምትሄድ።»

«እርስዎስ፣ እማሆይ?»

እማሆይ አሰቡ። «እኔ በቅሎዋን ልሁን።»

«ምነው እማሆይ!»

«በቅሎ ሸክሟን ትሸከማለች እንጂ ለምርመራ አትጠራም።»

ጠባቂው በሩን እስኪመታብን ድረስ ሳቅን። የኩልመስኳ ግን ፊቷን አኮሰተረች። «እንግዲህ እማሆይን እጋልባለሁ? ኧረ በእግሬ ልሂድ፣ ይቅርብኝ!» ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ያቺ ሀብታም ነጋዴ በቅሎዋን እየሳበች በእግሯ ነው የሄደችው።

«እርስዎስ፣ እትዬ?» አለችኝ ተማሪዋ።

«እኔ መንገድ መሪው ልሁን» አልኩ። «ወጣት ልጅ። ቀጭን፣ ረጅም። በገደል ዳር የሚሄድ።»

ማንም አልሳቀም። ተማሪዋ ቀና ብላ አየችኝና «ጥሩ» አለች።

መንገድ ጀመርን። ልጅቷ ስትተርክ ሌላ ሰው ሆነች። ጉሙን ስታወራው አንገቴን በረደኝ። የአስታውን ዛፍ፣ የጅብራውን ቅጠል፣ የቆቅ ድምፅ ሁሉ ታመጣው ነበር። በመሐሉ ጎርፍ ስንሻገር ድንጋዩ ሁለት ወጣ፤ የነጋዴዋን ስልቻ ውሃ ወሰደው።

«ኧረ አልወሰደውም» አለች የኩልመስኳ። «አጥብቄ ነው የያዝኩት።»

«ሁለት ነው የወጣው» አለች ተማሪዋ።

«ነጠላው ተሸብሽቦ ነው። እንደገና እናድርገው።»

ያን ጊዜ «ሕግ ሕግ ነው፤ አንዴ ከተስማማን ተስማማን» ያልኩት እኔ ነበርኩ። የኩልመስኳ አኮረፈችኝ። «አንቺ እኮ ያሰረሽንም ሰው ደረሰኝ ቁረጥልኝ ሳትይው አልቀረሽም» አለችኝ። ተማሪዋ እየሳቀች ፊቷ ከቀረበው እንጀራ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። እማሆይ በዓይናቸው እንዳናስቆማት ምልክት ሰጡን። ሳታውቀው በላች።

ቀጥሎ ገደሉ ጋ ደረስን። መንገዱ ጠቧል፤ ድንጋዩ በዝናብ ያሟልጫል አለች ተማሪዋ። መሪው ቀድሞ ይለፍና ገመድ ያስርልን ተባለ። ቀድሞ የሚያልፈው የእኔው ልጅ ነው። ነጠላውን ያዝን። ጫፌን በሁለት እጄ አጥብቄ ጨበጥኩት። ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ እኮ። ብድግ አደረግነው።

አንድ ወጣ።

ቀዩ ድንጋይ ላይ አንዲት ነጥብ። ስቆፍራት ከሌሎቹ ይልቅ ጠለቅ አድርጌ ነበር የቆፈርኳት።

«አልተስተካከለም፤ በእኔ በኩል ላልቶ ነበር» አለች የኩልመስኳ ቶሎ ብላ። ስልቻዋን ስታጣ እንዳለችው አይደለም፤ ድምጿ ሌላ ነበር።

ተማሪዋን አየኋት። «አንቺ አይደለሽ ተራኪዋ? አልወደቀም በይ።»

«እትዬ…»

«አንድ ቃል ነው። ተንሸራተተና ቆመ በይ። ማን ይከስሻል?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ብልዎት አያምኑኝም» አለች። «ከአሁን በኋላ የምነግርዎትን ሁሉ አያምኑኝም። ወንዙን ተሻገረ ብልዎት፣ ይምርሐነ ደረሰ ብልዎት፣ ለእርስዎ ብዬ የዋሸሁት ይመስልዎታል።»

ከቤት ከወጣ ጀምሮ ልጄ በስልክ «ደህና ነኝ» ሲለኝ አምኜው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ።

«ድንጋዩ ወደቀ ካለ ወድቋል» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እንዴት እንደወደቀ ግን ድንጋዩ አያውቅም። የት ላይ እንዳረፈ፣ ምን እንደያዘ፣ ማንን እንደጠራ አያውቅም። እሱን እርስዎ ይንገሩን።»

«እኔ ተረት አልችልም።»

«ልጁን ያውቁታል አይደል?»

በስንጥቁ የገባው ብርሃን ነጠላው ላይ ቀጭን መስመር ሠርቶ ነበር። እሱን እያየሁ ጀመርኩ። ግራ እግሩ ነው የተንሸራተተው አልኩ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የግራ ጫማውን ነው ቀድሞ የሚጨርሰው። ሲወድቅ አልጮኸም፤ እኔ እንዳልደነግጥ ብሎ መጮህ የተወ ልጅ ነው። የአስታ ቅርንጫፍ ያዘ፤ ተቀነጠሰበት፤ ሌላ ያዘ። አንዲት ጠባብ ዕርከን ላይ አረፈ። ጉልበቱ ተልጧል። መውጣት አይችልም፣ መውረድም አይችልም። ተቀምጦ ይሰማል።

«ምን ይሰማል?» አሉ እማሆይ።

«የበቅሎ ኮቴ።»

እማሆይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገመዱ እኔ ኮርቻ ላይ ነው ያለ። አውርዱለት።»

«በቅሎ ትናገራለች እንዴ?» አለች የኩልመስኳ።

«ሲጨንቃት።»

ገመዱ ይደርስ እንደሆነ ለማየት ነጠላውን ልናነሳ ስንል በሩ ተከፈተ። ጠባቂው «የላሊበላዋ፣ ተነሽ» አለኝ።

የወሰደኝ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰውየ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። አልጮኸብኝም። ወንበር ሰጠኝ። የእኔን ስልክ ከመሳቢያ አውጥቶ ፊቴ አኖረው።

«እናቴ» አለኝ፣ «ነገሩን እናሳጥረው። ልጅሽ ጋ ትደውያለሽ። ‹ቤት ነኝ፣ ታምሜያለሁ፣ ድረስልኝ› ትይዋለሽ። እሱ ሲመጣ አንቺ ትወጫለሽ። ሕጉ ይኸው ነው።»

«ሲመጣስ ምን ይሆናል?»

«እሱን ለእኛ ተይው።»

እውነቱን ለመናገር ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነበር። ከሽታው የተነሳ ራሴን አሞኝ ነበር፤ የፈራሁትም ብዙ ነው። «እሺ» አልኩ። ቁጥሩን ራሱ ነካው፤ ድምፁ ለሁለታችን እንዲሰማ አደረገው። ብዙ ጠራ። ከዚያ ነፋስ ተሰማ፤ ከነፋሱ ውስጥ ልጄ «እማ?» አለ።

ያዘዘኝ ቃል አፌ ላይ ነበር። ቤት ነኝ። ታምሜያለሁ። እንዲህ ብነግረው ይመጣል። ከመጣ በኋላ ግን እኔ የምነግረውን ነገር እስከ ዕድሜው መጨረሻ አያምነኝም። ለዚያ ልጅ ከእኔ የቀረው ነገር ቃሌ ብቻ ነበር።

«ልጀ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ቤት አይደለሁም። ታስሬያለሁ።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አልታመምኩም። አልመቱኝም። ከጥሩ ሰዎች ጋር ነኝ፤ አንዲት መነኩሲት አሉ፣ ያስቁናል። ታምሜያለሁ ና በይው ብለውኝ ነው የደወልኩ።»

«እማ—» አለ። ሰውየው ስልኩን ዘጋው።

አትምጣ አላልኩትም። ና አላልኩትም። የሆነውን ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ነበር።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ምስኪን መስለሽኝ ነበር» አለኝ።

«ምስኪን ነኝ» አልኩት። ጠባቂው ወደ መጋዘኑ መለሰኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት የሚመጣልኝ ምግብ በር ላይ መቅረት ጀመረ። ተማሪዋን እንድትበላ ስንለምናት እንዳልኖርን፣ አሁን እሷ ከራሷ ቆርሳ ታጎርሰኝ ነበር።

ያን ቀን ስገባ ሦስቱም ተቀምጠው ነበር። ነጠላው እንደተነጠፈ ነው። ድንጋዩም አንዷን ነጥብ ወደ ላይ እንዳደረገ መሐል ላይ አለ።

«ማንም አልነካውም» አለች የኩልመስኳ። «ልጁ ዕርከኑ ላይ ነው። ባትመጭ ኖሮ እዚያው ያድር ነበር።»

ሴቶቹ ቢሮ ውስጥ ምን እንደተባልኩ አልጠየቁኝም። አራተኛውን ጫፍ ያዝኩ። ብድግ አደረግነው። ሦስት ወጣ። ሦስት ይበቃ ነበር። ገመዱ ደረሰው። እማሆይ «ከባድ ልጅ ነው» እያሉ ወገባቸውን ያዙ።

በመጨረሻ ምክንያቱ ሳይነገረን ተፈታን። ተማሪዋ ወደ ትምህርቷ ተመልሳ ጨርሳለች፤ በዓል ሲሆን ትደውልልኛለች። ስንለያይ ድንጋዩን ለእኔ ሰጡኝ። የነጠላውን ሌላውን ጫፍ ግን እስከ ዛሬ አልቋጨሁትም።

ልጄ እኔ ከተፈታሁ በኋላ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ከስቷል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። ያን ሳይ በጨዋታው ገደል ላይ የተንሸራተተው እግር ትዝ አለኝ። ምን እንዳገኘው ስጠይቀው «ደህና ነኝ፣ እማ» ይለኛል። ጎረቤት ሲጠይቀው ይስቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ አላስወጣ ብሎት ቤት ሲቀመጥ የፈትል ዕቃዬ ውስጥ ድንጋዩን አገኘው።

«የአባቴ ሥራ ነው?»

«የእኔ ነው።»

ስለ መጋዘኑ፣ ስለ እማሆይና ስለ በቅሎዋ አወራሁት። ሳቀ። እስቲ እንሞክረው አለ። ነጠላውን አወጣሁ፤ ሁለቱን ጫፍ እኔ፣ ሁለቱን እሱ ያዝን። ብድግ አደረግነው። ሁለት ወጣ።

«ሁለት ምንድን ነው?» አለኝ።

«አልሆነለትም ማለት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን ድንጋዩ አያውቅም» አልኩት። «እሱን አንተ ነህ የምትናገረው።»

ድንጋዩን ብዙ አየው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። ከዚያም ነጠላውን ሳይለቅ፣ ዓይኑን ከነጠላው ላይ ሳያነሳ፣ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ።

የነገረኝን እዚህ አልጽፍም፤ የእሱ ነው። እኔ በበኩሌ ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ክንዴ ቢዝልም ጫፎቼን አላላላሁም።